ከአገው ምድር እስከ በርማ፦ የኦርድ ዊንጌት ሕይወት

በአዲስ አበባ የሚገኘውን የጄኔራል ዊንጌትን ትምህርት ቤት ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። ትምህርት ቤቱ የተሰየመለት እንግሊዛዊ መኮንን ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት የካቲት 19 ቀን 1895 ዓ.ም. በሕንድ አገር ናይኒታል በተባለች ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን በመጽሐፍ ቅዱስ ኮትኩተው የሚያሳድጉ ጥብቅ ክርስቲያኖች ነበሩ። የመድፈኛ መኮንን ሆኖ በሱዳንና በፍልስጥኤም ካገለገለ በኋላ፣ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ካርቱም ደረሰ። የተሰጠው ተግባር ከጎጃም አርበኞች ጋር ተባብሮ ጣልያንን መውጋት ነበር።

በዚያን ጊዜ ሳንድፎርድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ መኮንን ከአርበኞች ጋር እየመከረ በዳንግላ አቅራቢያ ባለው ደጋ፣ ፋጉታ ላይ ሰፍሮ ነበር። ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ በእግርና በበቅሎ እዚያ ለመድረስ ሳምንታት ያስፈልጉ ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ግን ኮሊስ የተባለ አብራሪ ዊንጌትን በአንዲት አውሮፕላን አሳፍሮ፣ ለዚሁ ተብሎ በተጠረገ አጭር ሜዳ ላይ አሳረፈው። ዊንጌት ሁለት ቀን ያህል ከመከረ በኋላ በመጣበት አኳኋን ተመለሰ። የሳምንታት ጉዞ የሰዓታት ጉዞ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አውሮፕላን እንደ ልብ አልተገኘም። በሱዳን የነበረው የእንግሊዝ አየር ኃይል 47ኛ ስኳድሮን ዌልስሊ በተባሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹ በጎጃም ያሉትን የጣልያን ምሽጎች ይደበድብ ነበር፤ ነገር ግን እነዚያው አውሮፕላኖች በኤርትራ ግንባርም ይፈለጉ ነበር። ስለዚህ ስንቁና ጥይቱ በግመል ተጫነ። ግመል የቆላ እንስሳ ነው። የአገው ምድርን ዳገትና ብርድ የምታውቁ ሁሉ የደረሰውን ሳይነገራችሁ ትገምታላችሁ፤ ከ15,000 ያህል ግመሎች አብዛኞቹ በየመንገዱ ወድቀው ቀሩ።

ዊንጌት በመጽሐፈ መሳፍንት በተጠቀሰው በጌዴዎን ስም የሰየመው ጦር ሱዳናውያንንና ኢትዮጵያውያንን ያቀፈ ሲሆን ቁጥሩ ከ2,000 ብዙም አይበልጥም ነበር። ሆኖም በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣልያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሄደ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ይህን ድል ለአንድ እንግሊዛዊ ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እንደ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ አርበኞች አንዲት አውሮፕላን ሳይኖራቸው፣ ከሰማይ ቦምብ እየዘነበባቸው ለዓመታት ሲዋጉ ኖረዋል። ቡሬና ደብረ ማርቆስ ተከታትለው ነፃ ወጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ከድሉ በኋላ ዊንጌት ካይሮ ላይ ወባና ተስፋ መቁረጥ ተባብረውበት ለሞት ተቃርቦ ነበር። አገግሞ ወደ እስያ ተላከ። በየካቲት 1935 ዓ.ም. ጃፓኖች ወደያዟት ወደ በርማ 3,000 ያህል ወታደሮችን እየመራ በእግር ገባ። በዚህ ጊዜ ስንቅ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ይጣልላቸው ነበር። ሆኖም ስንቅ የሚጥል አውሮፕላን ጫካ ውስጥ ገብቶ ቁስለኛ ሊያነሣ አይችልም፤ መራመድ ያልቻለው ሁሉ ከዛፍ ሥር እየተተወ ከ800 በላይ ሰዎች ሳይመለሱ ቀሩ።

ዊንጌት ይህን ችላ ብሎ አላለፈም። ለሁለተኛው ዘመቻ የራሱ የአየር ክፍል እንዲመደብለት ጠየቀ፤ አሜሪካኖችም በኮክራንና በአሊሰን የሚመራ አንደኛ የአየር ኮማንዶ የተባለ ክፍል አቋቋሙ። ክፍሉ ተዋጊና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች፣ ወታደርና መሣሪያ ጭነው በሌላ አውሮፕላን የሚጎተቱ ሞተር አልባ ተንሸራታቾች፣ እንዲሁም በጠባብ ሜዳ ላይ አርፈው ቁስለኛ የሚያነሡ ቀላል አውሮፕላኖች ነበሩት። ከየካቲት 26 ቀን 1936 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ሳምንት ገደማ 9,000 ያህል ወታደሮች ከጠላት ጀርባ በአየር ገቡ። ፋጉታ ላይ አንድ መኮንን ያደረሰው ዘዴ በበርማ ሠራዊት አደረሰ።

ዊንጌት ግን የዘመቻውን ፍጻሜ አላየም። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የተሳፈረባት የዚያው የአየር ክፍል አውሮፕላን በሕንድ፣ በማኒፑር ተራሮች ላይ ወደቀች፤ ከተሳፈሩት አንድም ሰው አልተረፈም። አብዛኞቹ አሜሪካኖች ስለነበሩና ዐፅሙን መለየት ስላልተቻለ፣ ሁሉም በአንድነት ዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው በአርሊንግተን መካነ መቃብር ዐርፈዋል።