ኦገስተስ ዴዚሬ ዎለር፦ ደረት ሳይከፈት የልብን ምት የመዘገቡ የፊዚዮሎጂ ሊቅ

የቤተ ሙከራ እንስሳትን አካል ሳይቀዱ የልባቸውን ሥራ መከታተል ዛሬ የተለመደ የምርምር ዘዴ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለማጥናት ደረትን ከፍቶ ልብን ማጋለጥ ግድ ነበር። ኮሊከርና ሙለር እ.ኤ.አ. በ1856 የእንቁራሪት ልብ በመታ ቁጥር ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ያሳዩት በተጋለጠ ልብ ላይ ነው። ይህን ግዴታ ያስቀሩት ኦገስተስ ዴዚሬ ዎለር በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ ተወለዱ።

አባታቸው ኦገስተስ ቮልኒ ዎለር የተቆረጠ ነርቭ የሚበሰብስበትን ሂደት በማጥናት ስማቸው የገነነ ተመራማሪ ነበሩ። ልጅየው አባታቸው በ1870 ከሞቱ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ሄደው በአበርዲን ሕክምና ተማሩ፤ በላይፕዚግም በካርል ሉድቪግ ቤተ ሙከራ ሠሩ። በ1884 በለንደን የቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት የፊዚዮሎጂ መምህር ሆኑ።

የዎለር መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነበር። የሰውነት ሕብረ ሕዋስና ፈሳሽ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፉ ከሆነ፣ ልብ የሚያመነጨው ኃይል እስከ ቆዳ ድረስ መድረስ አለበት። ለዚህም ሊፕማን የፈለሰፉትን ካፒላሪ ኤሌክትሮሜትር ተጠቀሙ። በመሣሪያው ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪና ሰልፈሪክ አሲድ ይገናኛሉ፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሲለዋወጥም የመገናኛ ወሰናቸው ከፍና ዝቅ ይላል። የዚህ ወሰን ጥላ በሚንቀሳቀስ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ያርፍ ነበር፤ ሰሌዳውን የሚያንቀሳቅሰውም የሕፃናት መጫወቻ ባቡር ነበር። ዎለር በ1887 በዚህ መሣሪያ ከሰው ገላ ላይ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮካርዲዮግራም መዘገቡ።

ዘዴው ለእንስሳትም አገልግሏል። ጂሚ የተባለው የዎለር ቡልዶግ እግሮቹን ጨው በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ነክሮ ይቆማል፤ ውኃውም እንደ ኤሌክትሮድ ሆኖ የልቡን ምልክት ወደ መሣሪያው ያደርሳል። በ1909 ይህ ትርኢት በለንደን ሮያል ሶሳይቲ ከቀረበ በኋላ ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደረሰ። በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚመለከተው የ1876ቱ ሕግ ተጥሶ እንደሆነ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ተጠየቁ። ሚኒስትሩም ውሻው እንዳልታሰረ፣ የቆመበትም ተራ የጨው ውኃ እንደሆነ፣ ስለታም ምስማር የተባለውም የአንገት ማሰሪያው የነሐስ ጌጥ እንደሆነ አስረዱ። ሳይቆረጥና ሳይደነዝዝ ልቡ የተመዘገበው ውሻ ለዘዴው ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ሆነ።

ይሁን እንጂ ዎለር የራሳቸውን ግኝት የወደፊት ጥቅም አሳንሰው ገምተዋል። ካፒላሪ ኤሌክትሮሜትር ዘገምተኛ ስለነበረ ፈጣኑን ለውጥ በትክክል አያሳይም ነበር። ይህን ጉድለት በክር ጋልቫኖሜትር ያስወገዱት ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን ናቸው። በ1911 እንኳ ዎለር ኤሌክትሮካርዲዮግራም በሆስፒታሎች በሰፊው ይሠራበታል ብለው አያምኑም ነበር፤ በ1917 ግን ራሳቸው የ2000 ምዝገባዎችን ቅኝት አሳተሙ። በመጋቢት 1922 ለንደን ውስጥ አረፉ። የኖቤል ሽልማቱ በ1924 ለአይንትሆቨን ተሰጠ።

የዎለር ዋና አስተዋጽኦ መሣሪያው ሳይሆን የመለኪያውን ቦታ ከተከፈተ ደረት ወደ ቆዳ ማሸጋገራቸው ነው። በዚህም አንድን እንስሳ ሳይገድሉ ደጋግሞ መለካት፣ የበሽታን ሂደትም በዚያው እንስሳ ላይ መከታተል የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ። ዛሬ በደቂቃ 500 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመታውን የአይጥ ልብ በማግኔቲክ ሬዞናንስ ምስል ለማንሳት፣ ምስሉ ከየትኛው የምት ቅጽበት ጋር እንደሚገጥም የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ ከገላው ላይ በሚወሰድ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ምልክቱም ዎለር በጂሚ እግሮች በኩል ካነበቡት ጋር አንድ ነው።