ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ የዐፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤትና የተበተነው ቅርስ

ደብረ ታቦር፦ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ጣራ ገዳም ደን የተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ደጋ የገዳማት፣ የብራና መጻሕፍትና የነዋየ ቅድሳት ምድር ነው። በዚህ ምድር መናገሻቸውን ያደረጉት ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በአንድነት ሕልማቸው፣ በመድፋቸውና በመቅደላው ሞታቸው ይታወሳሉ። እምብዛም የማይነገርላቸው ግን ከኢትዮጵያ ታላላቅ የመጻሕፍት ስብስቦች አንዱን በአንድ ግምጃ ቤት ያከማቹ ንጉሥ መኾናቸው ነው። ዛሬ ሙዚየሞች የሚኮሩበት፣ ሰብሳቢዎችም በጨረታ የሚሻሙበት የመቅደላ ቅርስ የዚያ ክምችት ብታኝ ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጥቷል፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብም ከችግር የተነሳ ኮሶ እስከ መሸጥ እንደደረሱ ይነገራል። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፊደል ቆጠረ፤ ዳዊት ደገመ። ኋላም ጫካ ገብቶ ሸፈተ፤ በቋራ ቆላ ጭፍራ አበጀ። በዚያን ዘመን የመሳፍንቱ የበላይ የነበሩት ራስ ዐሊ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር። ራስ ዐሊ ጀግናውን በጋብቻ ሊያለዝቡት ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ፍቅርን ቢያጸናም ሰላምን አላጸናም። ካሳ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ ድል አደረገ፤ በሰኔ ወር ደግሞ የገዛ አማቱን የራስ ዐሊን ጦር በአይሻል ሰበረ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ካሸነፈ በኋላ በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ዘመነ መሳፍንትም አከተመ።

አዲሱ ንጉሥ መናገሻቸውን በጎንደር ሳይኾን በደብረ ታቦር አደረጉ። ከከተማዋ ጥቂት ርቃ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰፍረው ጠመንጃ አስጠገኑ፤ በመጨረሻም መድፍ አስቀለጡ። ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተወለደው በዚህች መንደር ነው። ከመድፉ ጎን ለጎን ግን ንጉሡ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። በመቅደላ አምባ በመድኃኔ ዓለም ስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊያቆሙ፣ ለዚያም የሚገባ የመጻሕፍትና የነዋየ ቅድሳት ግምጃ ቤት ሊያደራጁ አስበው ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ ማለት ምን ማለት እንደነበር ማስታወስ ይገባል። የበግና የፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ተለስልሶ ብራና ይኾናል። ቁም ጸሐፊው በጥቁርና በቀይ ቀለም ፊደሉን ሲጥል ወራት ይፈጃል፤ ሠዓሊው ሐረጉንና ሥዕሉን ይጨምራል፤ ደጓሹ በእንጨትና በቆዳ ይደጉሰዋል። እያንዳንዱ ቅጂ ወንድም እንጂ መንታ የለውም። የጎንደር ነገሥታትና እቴጌዎች ያስጻፏቸው መጻሕፍት ደግሞ በየአድባራቱ እንደ ዐይን ብሌን የሚጠበቁ ነበሩ።

የግምጃ ቤቱ አመጣጥ ታዲያ ንጹሕ ታሪክ ብቻ አይደለም። ንጉሡ ከካህናቱ ጋር በቤተ ክርስቲያን መሬትና ገቢ የተነሳ ተቃቅረው ነበር። በ1859 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ዘምተው ከተማዋን አቃጠሉ፤ ከአድባራቱ የወሰዱትን መጻሕፍት፣ ጽዋና መስቀል ወደ ደብረ ታቦር አስጫኑ፤ ከዚያም ወደ መቅደላ አሻገሩ። ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በአንድ አምባ የተሰበሰቡት እንዲህ ነው። ከነዋየ ቅድሳቱ መካከል ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደር ቁስቋም ማርያም የሰጡት የወርቅ ጽዋ ይገኝበት ነበር። ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘዋት የሚወጡት፣ የክርስቶስን የሾህ አክሊል መከራ የምታሳየው ኩርዓተ ርእሱ የተባለችው ሥዕልም እዚያው ነበረች።

በዚህ መካከል ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ነገር ከረረ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ንጉሡም ቆንስል ካሜሮንን ጨምሮ አውሮፓውያንን አሰሩ። የጄኔራል ናፒር ጦር በቀይ ባሕር በኩል ሲገባ፣ አገሩ በዐመፅ የራቃቸው ንጉሥ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ለቀቁ። መንገድ እየጠረጉ፣ በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወራት ከፈጀ ጉዞ በኋላ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ ሠራዊታቸው በእሮጌ ሜዳ ተሸነፈ። በፋሲካ ማግስት ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ወታደሮች አምባውን ሲወጡ ንጉሡ እጅ መስጠትን ንቀው በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አለፉ።

የግምጃ ቤቱ ዕጣ የተወሰነው በዚያው ቀን ነው። ወታደሩ ያገኘውን ዘረፈ። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ኾኖ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። ኩርዓተ ርእሱን ለራሱ አስቀረ። የቀረው ምርኮ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. ለሁለት ቀናት በጨረታ ተሸጦ 5 ሺህ ፓውንድ ያህል ተገኘበት፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ሆልምስ ለሙዚየሙ የመረጣቸው 350 ያህል መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ እጅግ ያማሩ 6 መጻሕፍት ወደ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ሄዱ። ከቀሩት ብዙዎቹ ጦሩ ሲመለስ በጨለቆት ለካህናት ተሰጡ። አክሊሉና የቁስቋም ጽዋ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይታያሉ። ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም ከሰው ዐይን ተሰውረው ተቀምጠዋል።

ከዕቃው ሁሉ የሚከብደው የሰው ዕጣ ነበር። በሰባት ዓመቱ የተወሰደው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አረፈ፤ ዐፅሙም እስከ ዛሬ በዊንድዘር አለ።

የማስመለሱ ጥያቄም አላረጀም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትንና ኩርዓተ ርእሱን ጠየቁ፤ መጽሐፉ ሲመለስ ሥዕሏ የለችም ተባለ። ኩርዓተ ርእሱ ኋላ በለንደን ጨረታ ተሽጣ በግለሰብ እጅ ገባች። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አንድ የንጉሡ አክሊል፣ በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ ደግሞ ቆባቸውና ማኅተማቸው ተመለሱ። በ1994 ዓ.ም. በኤዲንብራ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ታቦት፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የንጉሡ ጸጉር አገር ገቡ። በ2013 ዓ.ም. ለጨረታ ቀርበው የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ሽያጩ ተሰርዞ ተገዝተው፣ ከሌሎች ጋር ለኢትዮጵያ ተሰጡ። ከቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በኩል የቀረበው የረጅም ጊዜ ውሰት ሐሳብ ግን ባለቤትነትን የሚመልስ አይደለም።

ለሰብሳቢ የመቅደላ ስም ዋጋ መጨመሪያ ነው፤ ዕቃው ባመለጠ ቁጥር ይወደዳል። ለባለቤቱ ግን መጽሐፉ የሚነበብ፣ ጽዋው የሚቀደስበት፣ ታቦቱ የሚነግሥ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ሁለቱንም ያስተምራል። ንጉሡ ቅርሱን ከጎንደር ያነሱት በኃይል ነበር፤ ያነሱት ግን በአገሩ ምድር ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሊያኖሩት ነው። ደላንታ ላይ የተደረገው ጨረታ ያንን ሐሳብ በአንድ ጀምበር ወደ ገበያ ለወጠው። ስለዚህ የቁስቋም ጽዋ የሚመለስበት ቀን ሲመጣ ጉዞው በመቅደላ የሚቆም አይኾንም። በደብረ ታቦር በኩል አልፎ፣ በጣራ ገዳም ሥር ባለው ጎዳና ወደ ጎንደር፣ መጀመሪያ ወደ ተሰጠበት ደብር ሊደርስ ይገባዋል።