የታካሚውን ቅሬታ ሰምቶ ኖቤል ያገኘው ሐኪም

ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ማዕበል ሲነሳ ታንኳው ይወዛወዛል፤ ሰውነታችን ግን ሳናስበው ራሱን ያስተካክላል። በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ ያለው የውስጥ ጆሯችን ነው። እሱ ሲታመም መሬት ላይ ቆመን እንኳ ታንኳ ላይ ያለን ይመስለናል። ዛሬ ይህን ሕመም መመርመር ስላስተማረን ሰው እናወራለን።

ሮበርት ባራኒ በ1876 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ቪየና ተወለደ። በልጅነቱ የአጥንት ቲቢ ይዞት ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። እሱ ግን ቴኒስም ተራራም አልተወም። በ1900 ሐኪም ሆነ፤ ቆይቶም የከተማዋ የጆሮ ክሊኒክ ገባ።

እዚያ የታካሚዎችን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ ብዙዎቹን ያዞራቸው ነበር። አንዱ ታካሚ ታዲያ የሚያዞረው ውሃው በደንብ ካልሞቀ ብቻ እንደሆነ ነገረው። ባራኒ ነገሩን አልናቀም። በሌላ ጊዜ ውሃው በጣም ሞቆ ሲመጣ ሰውዬውን አሁንም አዞረው፤ ዓይኑ ግን የተንቀጠቀጠው በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። ያኔ ገባው! የውሃው ሙቀትና ቅዝቃዜ በውስጥ ጆሮ ያለውን ፈሳሽ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ዓይንን በማየት የታመመውን ጆሮ መለየት ተቻለ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1915 ሩሲያዎች ማረኩትና መካከለኛው እስያ፣ ሜርቭ ወሰዱት። የ1914ን የኖቤል ሽልማት ማግኘቱን የሰማው በምርኮ እያለ ነው። በስዊድኑ ልዑል ካርል አማላጅነት በ1916 ተፈታ። ቪየና ሲመለስ ግን ባልደረቦቹ የሌሎችን ድካም አልጠቀሰም ብለው ከሰሱት። አዝኖ ወደ ስዊድን ኡፕሳላ ሄደ፤ እዚያው ሲያስተምር ቆይቶ በ1936፣ 60 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው አረፈ።

የውሃው ምርመራ ግን ሁሉንም የጆሮ ክፍል አይፈትሽም። በ1929 ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ቱሊዮ ድምፅ የእርግቦችን ሚዛን እንደሚነካ ጻፈ። በ1992 ደግሞ ሲድኒ ውስጥ ኮልባችና ሃልማጊ የተባሉ ሐኪሞች አዲስ መንገድ አሳዩ። ታካሚው አንገቱን ያወጥራል፣ ጆሮው ውስጥ ጠንካራ ድምፅ ይለቀቃል። ስበትን የሚለየው የውስጥ ጆሮ ከረጢት ጤነኛ ከሆነ የአንገቱ ጡንቻ ለቅጽበት ላላ ይላል፤ ይህንንም ቆዳ ላይ የተለጠፈ መሣሪያ ይመዘግበዋል።

እኛ ግን ሲያዞረን ደም ማነስ ነው ብለን ዝም እንላለን። ምክንያቱ ጆሮም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ መቼ፣ ምን ስታደርጉ እንደሚያዞራችሁ በዝርዝር ተናገሩ። ያ ታካሚ ዝም ቢል ኖሮ ይህን ታሪክ ባላወራን ነበር።