ዴኒስ ጋቦርና የጠፋው የሞገድ ግማሽ

ይህ የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ከእኛ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተጠየቀው የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ ነበረ። ጓደኞቻችን የነገሥታትንና የአርበኞችን ታሪክ ሲመርጡ እኛ የፊዚክሱን ሊቅ ዴኒስ ጋቦርን መረጥን። ለዚህም ምክንያት የሆነን የገዛ አገራችን መንገድ ነው።

ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚጓዝ ሰው፣ ቀትር ላይ ከፊቱ በአስፋልቱ ላይ ውሃ የተኛ ይመስለዋል፤ በሩቅ የቆሙትም ግመሎች እንደ ነበልባል ሲንቀጠቀጡ ያያል። አየሩ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ብርሃኑን አላጨለመውም። የጋለው አየር ያደረገው የብርሃኑን ኀይል ሳይቀንስ አካሄዱን መለወጥ ብቻ ነው። የጋቦርም ጥያቄ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው።

ብርሃን ሞገድ ነው። ሞገድም ሁለት ነገር አለው፤ አንደኛው ጉልበቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ጫፉና ጎድጓዳው የት የት እንደ ደረሰ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሊቃውንት ፌዝ ይሉታል። (መምህራችን ቃሉን መጀመሪያ ሲናገሩ ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ በእኛ ቋንቋ ፌዝ ሌላ ነውና! ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ያለው የወፍጮ ባለቤት ግን አይሥቅም ነበር።) የፎቶግራፍ ፊልም የሚመዘግበው ጉልበቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ ፎቶግራፍ በተነሣ ቁጥር የሞገዱ ግማሽ ታሪክ ይጠፋል።

ጋቦር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 5 ቀን 1900 በቡዳፔስት ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የማዕድን ኩባንያ ዲሬክተር ስለ ነበረ በቤቱ መጽሐፍ አልጠፋም፤ ከወንድሙም ጋር በቤታቸው ትንሽ ላቦራቶር አቋቁመው በዘመኑ አዲስ የነበረውን የኤክስሬይ ሙከራ ይደግሙ ነበር። የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በወታደርነት ካየ በኋላ ወደ በርሊን ሄዶ ኢንጂነሪንግ ተማረ፤ በ1927 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ጋቦር ለዶክተርነቱ ጥናት በብረት የተሸፈነ የሽቦ ጥቅልል ሠርቶ ነበር። ይህ ዕቃ መነጽር ብርሃንን እንደሚሰበስብ ሁሉ ኤሌክትሮኖችን የሚሰበስብ ነበረ። እርሱ ግን ይህን ልብ አላለም። በ1931 ኧርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል በዚያው በበርሊን በእንዲህ ያለ ጥቅልል የመጀመሪያውን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሠሩ። በእጁ የነበረውን ሌላ ሰው ወሰደው ማለት ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ ስለ ማይክሮስኮፕ ዳግመኛ ለመስማት አንፈልግም ነበር።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ የአይሁድ ተወላጅ የሆነው ጋቦር በበርሊን የነበረውን ሥራ አጣ። በ1934 ወደ እንግሊዝ አገር ገብቶ በራግቢ ከተማ በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ። ሁለተኛው ጦርነት ሲነሣ የውጭ አገር ሰው ነው ተብሎ የጦር ምስጢር ወዳለበት ሥራ እንዳይገባ ተከለከለ፤ እርሱም በዚያ ጊዜ ስለ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማሰብ ቀጠለ።

የኤሌክትሮን ሞገድ ከብርሃን ሞገድ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚያጥር አቶምን ለማሳየት ይበቃል፤ ይሁን እንጂ ኦቶ ሼርዘር በ1936 እንዳስረዳው ክብ የሆነው የኤሌክትሮን ሌንስ ከጉድለት ሊጠራ አይችልም። በ1947 በፋሲካ ቀን ጋቦር በቴኒስ ሜዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ መፍትሔው ድንገት መጣለት። ምስሉ የተበላሸ ይሁን፤ ነገር ግን የሞገዱ ታሪክ ሳይጎድል ይመዝገብ፤ ጉድለቱ ኋላ በብርሃን ይታረማል።

ፊልም ፌዝን ሊመዘግብ ካልቻለ ይህ እንዴት ይሆናል? በአዋሽ ዳር ውሃው ረግቶ በተኛበት ቦታ ሁለት ድንጋይ ብንጥል ሁለት ዓይነት ክበቦች ይሰፋሉ። ጫፍ ከጫፍ የተገናኘበት ውሃው ከፍ ይላል፤ ጫፍ ከጎድጓዳ የተገናኘበት ጸጥ ይላል። እንግዲህ አንደኛውን ክበብ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው፣ ከተፈጠረው ጥልፍ ሁለተኛው እንዴት እንደ መጣ ሊያውቅ ይችላል። ጋቦርም በዕቃው በኩል ያለፈውን ሞገድ ከታወቀና ካልታወከ ሞገድ ጋር አጋጠመው፤ የጠፋው ፌዝ በጥልፉ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። ፊልሙ እንደ ገና በብርሃን ሲበራ የመጀመሪያው ሞገድ ከውስጡ ይወጣል። ይህንንም ሆሎግራም አለው፤ ሆሎስ በግሪክ ሙሉ ማለት ነውና። ሙከራውን በሜርኩሪ መብራት ሠርቶ በ1948 አሳተመው፤ ለምስልነት የተጠቀመውም የሦስቱን የሞገድ ሊቃውንት የሁይገንስን፣ የያንግንና የፍሬኔልን ስም በረቂቅ ፊደል አድርጎ ነው።

ሥራው ግን ተደነቀ እንጂ ወዲያው አልሰመረም። ከእውነተኛው ምስል ጋር አንድ መንታ ምስል እየመጣ ያደናግር ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበረውም የኤሌክትሮን ምንጭ እንደ ሰልፈኛ እኩል የሚራመዱ ሞገዶችን አይሰጥም ነበር። በኢንዱስትሪ ላቦራቶር የተጀመረው ሙከራ በ1950ዎቹ ተተወ። ጋቦርም በለንደን በኢምፔሪያል ኮሌጅ ማስተማሩን ቀጠለ። በ1960 ሌዘር ከተፈጠረ በኋላ ሊዝና ኡፓትኒክስ የተባሉ ሁለት ሰዎች በሚቺጋን የታወቀውን ሞገድ በጎን በኩል በማምጣት መንታውን ከእውነተኛው ለዩት። ጋቦርም በ1971 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ፤ ነገር ግን የተሸለመበት ሐሳብ የሠመረው በብርሃን ነበረ እንጂ በተፈጠረለት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አልነበረም።

በ1974 በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ማንበብና መጻፍ ተሳነው። የካቲት 9 ቀን 1979 በለንደን ዐረፈ። በዚያው ጊዜ ገደማ በጃፓን አኪራ ቶኖሙራ ከሹል ብረት ጫፍ በሚወጡና እኩል በሚራመዱ ኤሌክትሮኖች ጥሩ ሆሎግራም ማንሣት ችሎ ነበር። ኤሌክትሮኖቹን ለሁለት ከፍሎ መልሶ የሚያገናኘውን፣ ኤሌክትሪክ ያለበትን ቀጭን ሽቦ ግን ቀደም ብሎ ሞለንሽቴት በቱቢንገን ሠርቶት ነበር። በዚያው በቱቢንገን በ1995 ሊሽቴና ባልደረቦቹ ፌዙን ከሆሎግራሙ አውጥተው የሌንሱን ጉድለት በስሌት አረሙ፤ ማይክሮስኮፑም ከሌንሱ ወሰን ያለፈ ዝርዝር አሳየ። ጋቦር ተራውን ሲጠብቅ ከነበረበት ከዚያ ፋሲካ 48 ዓመት አልፎ ነበር።