ጉሊየልሞ ማርኮኒና የፖልዱ ምሰሶዎች፦ ከአንድ የአንቴና ውድቀት ለጎጃም ደጋ የሚገኝ ትምህርት

ገመድ አልባ መገናኛን ለዓለም ያስተዋወቀው ጉሊየልሞ ማርኮኒ ዘወትር የሚታወሰው በስኬቱ ነው። የአንቴና ምሰሶዎቹ መውደቅ ግን ለምህንድስና ታሪክ ከስኬቱ ያላነሰ ፋይዳ አለው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን ከዚህ አንጻር ይቃኛል፤ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለሚተከሉ የሬዲዮ ማማዎች ያለውን ትርጉምም ያመለክታል።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በቦሎኛ ከተማ ከጣሊያናዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1895 በአባቱ ርስት ላይ ባደረገው ሙከራ የማሰራጫውን አንድ ጫፍ ከመሬት አገናኝቶ ሌላውን ከፍ አድርጎ በመስቀል ምልክቱን 2 ኪሎ ሜትር ያህል አሻገረ። ከዚያ ወዲህ የከፍታ ጥያቄ ከሥራው አልተለየም፤ አንቴናው ከፍ ሲል ርቀቱ ይጨምራል፣ ምሰሶውም በዚያው መጠን ለነፋስ ይጋለጣል። በ1896 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በዓመቱም ኩባንያ አቋቋመ።

አትላንቲክን በምልክት ለማቋረጥ በእንግሊዝ ጠረፍ ፖልዱ በተባለ ስፍራ 60 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው 20 የእንጨት ምሰሶዎች በክብ ተተከሉ። የእያንዳንዱ ምሰሶ አናት ከጎረቤቱ አናት ጋር በገመድ ታስሮ ነበር። መሐንዲሱ ሪቻርድ ቪቪያን ምሰሶዎቹ በየራሳቸው መቆም እንደማይችሉ አይቶ ንድፉ አስተማማኝ አለመሆኑን አስጠነቀቀ፤ ሐሳቡ ግን ተቀባይነት አላገኘም። በሴፕቴምበር 1901 የተነሣ ማዕበል ምሰሶዎቹን ጣላቸው። በኅዳር ወር ገደማም በአሜሪካ ኬፕ ኮድ በተመሳሳይ ንድፍ የተሠራው እንዲሁ ወደቀ። ሁለቱንም ለጥፋት የዳረገው የነፋሱ ብርታት ብቻ አልነበረም፤ የአንዱ መላላት ሁሉን የሚያናጋ አሠራርም ነበር።

ማርኮኒ በፖልዱ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ቀለል ያለ አንቴና አዘርግቶ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1901 በኒውፋውንድላንድ በካይት በተሰቀለ ሽቦ ምልክቱን መስማቱን አስታወቀ። ኋላ ላይ ለቋሚ ጣቢያዎቹ ሰፊ መሠረት ያላቸው አራት አራት የእንጨት ማማዎች ተሠሩ። በ1909 የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ከካርል ብራውን ጋር ተካፈለ።

የኋለኛው ዘመኑ ለኢትዮጵያ መራራ ገጽ አለው። በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል የሆነው ማርኮኒ በ1935 የኢትዮጵያን ወረራ ደግፎ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ለዓለም ታሰማ ነበር። ማርኮኒ ጁላይ 20 ቀን 1937 ሮም ውስጥ ሞተ።

የፖልዱ ትምህርት በጎጃም ደጋ ሲታይ የራሱን መልክ ይይዛል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ጫናው ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀላሉ ስለሚዘል በኢንሱሌተሮች መካከል ያለው ርቀት ሊጨምር ይገባል። ጥቁሩ የመረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዚህም የማማውን ገመዶች የያዙ መልሕቆች ሊነቃነቁ ይችላሉ። ከዚህ በመነሣት የገመዶቹን ውጥረት ክረምቱ እንዳለፈ፣ የመብረቅ መከላከያውን የመሬት ግንኙነት ደግሞ አፈሩ እጅግ በሚደርቅበት በበጋው ማብቂያ መለካት ተገቢ ነው። ከአንቴናው ወደ ማሰራጫው የሚመለሰውን ኃይል በየዕለቱ መመዝገብም ውኃ የገባበትን ኬብል ወይም የላላ መገጣጠሚያን ከመበላሸቱ በፊት ያሳያል።

በፖልዱ ጉድለቱ ከማዕበሉ በፊት ታውቆ ነበር። የጠፋው ዕውቀት ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን መርምሮ ሥራውን የሚያስቆም ሥርዓት ነው። ለማማ ደኅንነት የሚወጣ መመሪያም ከመለኪያ መሣሪያው እኩል፣ ችግር ያየ ባለሙያ የሚሰማበትን መንገድ ሊደነግግ ይገባዋል።