ባርባራ ማክሊንቶክ

ባርባራ ማክሊንቶክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ በምትባል ከተማ ተወለደች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ፈጽማ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ስትነሣ እናቷ የተማረች ሴት ባል አታገኝም ብለው ተቃወሙ፤ አባቷ ግን ከጦር አገልግሎት ሲመለሱ ፈቀዱላት። በ1919 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ1927 በእጽዋት ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኘች።

በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የዘር ውርስ ተመራማሪዎች የፍራፍሬ ዝንብን ሲያጠኑ እርስዋ በቆሎን መረጠች። ጂኖች በክሮሞሶም ላይ እንደ ዶቃ በየቦታቸው የተሰኩና የማይንቀሳቀሱ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ባርባራ ግን በ1940ዎቹ ዓመታት ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር በተባለው የምርምር ጣቢያ በቆሎዋን እየዘራች፣ የፍሬውን ነጠብጣብ አንድ በአንድ ስትመረምር፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወሩ የውርስ ክፍሎች መኖራቸውን ደረሰችበት። ተዘዋዋሪው ክፍል ቀለም ሰጪው ጂን ውስጥ ሲገባ ፍሬው ቀለም ያጣል፤ ፍሬው በማደግ ላይ ሳለ ለቆ ሲወጣ ደግሞ ከዚያች ሴል የሚባዙት ሁሉ ቀለማቸውን መልሰው ያገኛሉ። ነጠብጣቡ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1951 ግኝቷን ለሊቃውንት ጉባኤ ብታቀርብ አብዛኞቹ በዝምታና በጥርጣሬ አለፉት። ከ1953 በኋላ ስለዚሁ ጉዳይ መጻፉን ብትቀንስም ምርምሯን አላቋረጠችም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ተዘዋዋሪ ክፍሎች በባክቴሪያ ተገኙ፤ በ1970ዎቹም ተራው የፍራፍሬ ዝንብ ሆነ። ከዱር የተያዙ ወንዶች ዝንቦች ለብዙ ዓመታት በቤተ ሙከራ ከኖሩ ዝርያዎች ሴቶች ጋር ሲዳቀሉ ብዙዎቹ ልጆቻቸው መካን ይሆኑ ነበር። ሴቷ የዱር፣ ወንዱ የቤተ ሙከራ ሲሆኑ ግን ልጆቹ ጤነኞች ነበሩ። ምክንያቱም የዱሮቹ ተዘዋዋሪ ክፍል አላቸው፤ የቤተ ሙከራዎቹ የላቸውም። የዱር እናት ክፍሉን የሚገታውን መከላከያ በእንቁላሏ ታወርሳለች፤ የቤተ ሙከራዋ እናት ግን የምታወርሰው መከላከያ የላትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ ባርባራ በ1983፣ በ81 ዓመቷ፣ የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ብቻዋን ተቀበለች። በ1992 በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

መልመጃ
ሀ. የበቆሎ ፍሬ ነጠብጣብ የሚሆነው ለምንድን ነው?
ለ. «ብታቀርብ» እና «ስታቀርብ» የሚሉትን ቃላት በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር አስገብታችሁ ልዩነታቸውን አስረዱ።