ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት መድፍ

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ አገራችን ጀግና ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በፊት ስማቸው ካሣ ኃይሉ፣ በ1811 ዓ.ም. በቋራ ተወለዱ። የእኛ ደንቢያም በወጣትነታቸው የዘመቱበት አገር ነው። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ግብፆችን ሲወጉ የጠላት መድፍ ብዙ ሰው ፈጀባቸው። የመድፍን ኃይል ያን ጊዜ ተረዱት።

በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሚኖሩትን ዋልድማየርንና ጓደኞቹን መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ሰዎቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ ምድጃው ሙቀቱን አልቻለም። ንጉሡ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ መንገድ እየተጠረገለትም በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ከእንግሊዞች ጋር ጦርነት ሲሆን፣ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ላዩ ቢያምርም በውስጡ የአየር ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ሊሸሽግ ይችላል። ዛሬ የብረት ዱቄትን በስሱ እያነባበሩና በጨረር እያቀለጡ ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ለከባድ ሥራ ከማዋላቸው በፊት ብዙ ጊዜ ውስጡን በራጅ ይመረምራሉ።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከንጉሡ ትጋትን እንውረስ፤ የሠራነውንም ከጭንቅ ቀን በፊት እንፈትን።